የውስጥ ደዌ ነው አሉኝ

ኅዳር ውስጥ፣ በገበያ ቀን፣ ጸሐይነሽ ወደ ሱቄ ስትገባ ግራ እግሯ ላይ ሚስማር ተሰክቶ ነበር። እሷ አላወቀችም። እኔም መጀመሪያ ያየሁት ወለሉን ነው። ጠዋት ያጠብኩት ሲሚንቶ ላይ ከበሩ እስከ ጫማ መደርደሪያው ድረስ የደም ጠብታ ተከትሏታል። እኔ ደግሞ በወለሌ ቀልድ አላውቅም።

«አንቺ ሴት፣ ምን እያንጠባጠብሽ ነው የምትገቢው?» አልኳት።

ዞር ብላ አየች። «ደም ነው እንዴ እቴ? የማን ይሆን?»

የማን ይሆን አለች። አግዳሚው ላይ አስቀምጬ ኮንጎ ጫማዋን ላወልቅ ስስብ አልወጣ አለኝ። ገልብጬ ባየው የሚስማሩ ራስ ሶሉ ላይ ተለጥፏል፤ ሌላው አካሉ ጫማውንና እግሯን አንድ ላይ ሰፍቷቸዋል። ቀና ብዬ ፊቷን አየሁ። ጸሐይነሽ መደርደሪያውን እያየች ነበር።

«ያ ሰማያዊው ልኬ ይሆናል? ይህኛው ሳይቀደድ አልቀረም፤ ከአስፋልቱ ጀምሮ ቋ ቋ ሲልብኝ ነው የመጣው» አለችኝ።

«አያምሽም?»

«ምኑ?»

ወረታ ላይ ጫማ መሸጥ ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ጠጠር ገባብኝ ብሎ የሚጮህ ጎልማሳ አይቻለሁ፤ ጫማ ጠቦኝ ብላ ያለቀሰች ሙሽራም አይቻለሁ። ሚስማር እግሯ ውስጥ ተቀምጦ ስለ ሰማያዊ ጫማ የምትጠይቅ ሴት ግን አይቼ አላውቅም። ፈራሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

ጸሐይነሽን የማውቃት እሷም እኔም ቀጭን ከነበርንበት ዘመን ጀምሮ ነው። የፎገራ ሜዳ ሰው ናት። ባሏ ደረሰ ሩዝ ያመርታል፣ ከብትም አላቸው። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ሜዳው ውሃ ይሆናል፤ እሷም እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ገብታ ሩዝ ስታርም ነው የኖረችው። የመጀመሪያ ጫማዋን የሸጥኩላት እኔ ነኝ። «ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን» ብላ ገዛች። «ቤተ ክርስቲያንማ ደጅ ላይ ታወልቂው የለም? ለመንገዱ ነው በይ እንጅ» ብዬ ቀለድኩባት። ከዚያ ቀን ወዲህ ወዳጆች ነን። በኢድ እሷ ትመጣለች፣ በፋሲካ እኔ እሄዳለሁ። ሥጋችንን ለየብቻ እንበላለን፤ ሐሜታችን ግን አንድ ላይ ነው።

ነገር አስቀድማ የምታስብ ሴት ናት። የጤና መድን ወደ ቀበሌያቸው ሲመጣ ከመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች አንዷ እሷ ነበረች። ደረሰ «ሳንታመም?» ብሎ ሲያንገራግር «ታመህ ልትመዘገብ ኑሯል?» አለችው። ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አኑራ በየዓመቱ ታሳድሰዋለች፤ አንድ ቀን ግን ታክማበት አታውቅም። እኔ «ደብተሩ ካንቺ የበለጠ ጤነኛ ነው» እያልኩ አበሽቃት ነበር።

ያን ቀን ደብተሩ ትዝ ያለኝ እኔ ነኝ። ባጃጅ ጠርቼ፣ እግሯን ከነጫማው በፎጣ ጠቅልዬ፣ «ቀጥታ ጤና ጣቢያ፤ መድን አለኝ በያቸው» ብዬ ላክኋት። ሱቄን ዘግቼ አብሬያት ብሄድ ኖሮ የሚወራ ነገር ባልኖረ። ገበያው ደርቶ ነበርና አልሄድኩም።

ጤና ጣቢያ የሆነውን የሰማሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ግን እዚህ ላይ ልንገራችሁ። ወጣቱ ጤና መኮንን ሚስማሩን ነቀለ፣ ቁስሉን አጠበ፣ መርፌ ወጋት። ከዚያ በእስክሪብቶው ጫፍ ጣቶቿን አንድ በአንድ እየነካ «ይሰማዎታል?» ይላት ጀመር። አይሰማትም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ሲጠይቃት «እንጃ ልጄ፤ በክረምቱ ጭቃ ውስጥ ስቆም ጭቃው አልታወቀኝም» አለችው። ልጁ ወደ ነርሷ ዞሮ «የስኳር መለኪያው መጣ?» ቢላት ትከሻዋን ነቀነቀች። ተራ ጠባቂው እስከ ግቢው በር ደርሷል። ወረቀት ላይ ጻፈና «እማማ፣ የእርስዎ የውስጥ ደዌ ነው» አላት።

«መድኃኒት አለው?»

«እዚህ የለም፤ ከኛ በላይ ነው። ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፣ እንዳይዘገዩ» ብሎ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ።

ልጁ ሊል የፈለገው የውስጥ ደዌ ሐኪም ይይዎት፣ እሱ ደግሞ እዚህ የለም ነው። ሐኪሞች እርስ በርሳቸው እንዲያ ያሳጥሩታል። ጸሐይነሽ ግን ደዌ የሚለውን ቃል የተማረችው ከሐኪም አይደለም።

የእናቷ ወንድም ዓለምብርሃን የሥጋ ደዌ ነበረበት። እሷ ልጅ ሳለች ከአጥሩ ውጭ በተቀለሰች ጎጆ ብቻውን ይኖር ነበር። ምሳውን የምታደርስለት እሷ ናት፤ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች፣ እሱም እስክትርቅ ቆሞ ይጠብቃል። አንድ ቀን እሳት ዳር ተቀምጦ ከሩቅ ሲያጫውታት እጁ ፍም ላይ አርፎ አየች። ጣቱ እየጨሰ እሱ ይስቅ ነበር። በቤታቸው የበሽታው ስም በሙሉ አይጠራም፤ «ደዌው» ነው የሚሉት። ስለዚህ ለጸሐይነሽ ደዌ ማለት ይኸው ነው፤ ጣት ሲቃጠል አለመሰማት። የአጎቷ የሥጋ ደዌ ከነበረ የሷ ደግሞ የውስጥ ደዌ ሆነ፤ ከውጭ የማይታይ፣ ከውስጥ የሚበላ፣ መድኃኒቱም «እዚህ የለም» የተባለለት። ወረቀቱን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ፣ ሆስፒታሉን በስተግራዋ ትታ፣ ወደ ቤቷ ሄደች።

እኔ ይህን ሁሉ አላወቅሁም። ገበያ ላይ ስትጠፋብኝ መጀመሪያ የሩዝ አጨዳ ይዟት ነው አልኩ፤ ቀጥሎ ውቂያ ነው አልኩ፤ ቀጥሎ ተቀየምኳት። ሰው ሚስማር ተነቅሎለት አንድ ቀን መጥቶ «ዳንኩ» አይልም? ያን ጊዜ እየተቀየምኩ የቆጠርኩት ሳምንት አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ደረሰ ብቻውን መጣ። ዱላውን በር ላይ አቁሞ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ደረሰ ሲጨንቀው ቆቡን የሚያሽ ሰው ነው፤ ያን ቀን ቆቡን ሊጨርሰው ደረሰ።

«እት ዘሊካ፣ ካንቺ የምትደብቀው የላትም ብየ ነው የመጣሁ። ጸሐይነሽ ልትመነኩስ ነው መሰለኝ።»

ሳቄ አመለጠኝ። «ጸሐይነሽ? ያችን ምላስ ይዛ የትኛው ገዳም ይቀበላታል አያ ደረሰ?»

እሱ አልሳቀም። ከኅዳር ጀምሮ ከጭድ ቤቱ አጠገብ ባለችው ጎጆ ለብቻዋ እንደምትተኛ ነገረኝ። ሳህኗን ለይታለች፣ ኩባያዋን ለይታለች፣ ውሃ የምትቀዳበትን ጀሪካን ሰው አታስነካም። ቤት ውስጥ ከገባችም በሩ ላይ ቆማ ተናግራ ትወጣለች። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አገሩ መነኮሰች ብሎ ጨርሷል። ስለምታነክስ ደግሞ ጓያ በልታ እግሯን ይዟት ነው የሚልም አለ» አለ።

«አንተስ ምን አልካት?»

«ምን እላታለሁ? የታቦት ስለት አለባት ብየ ፈራሁ። ወንዛዬ ፍል ውኃ ልሂድ አለች፣ ሂጅ አልኳት። ሁለት ሳምንት ከርማ መጣች፤ ከመጣች ወዲህ እግሯን በጨርቅ ጠቅልላ አታሳይም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይሸታል፣ እት ዘሊካ። ደግሞ የትሁንን ልጅ፣ ብርክቲን፣ ስትሮጥ ስትመጣባት በዱላ አባረረቻት። እሷ ያሳደገቻትን ልጅ። ይህ ምንኩስና ነው?»

በዱላ የሚለውን ስሰማ ሳቄ ደረቀ። ብርክቲ የልጃቸው የትሁን ልጅ ናት፤ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ከአያቷ ጀርባ ወርዳ አታውቅም። ጸሐይነሽ ገበያ ስትመጣ እንኳ አዝላት ነበር የምትመጣው፤ ጫማዎቼን ሁሉ በአፏ ቀምሳቸዋለች። ሱቄን ያን ጊዜ ዘጋሁት። መሐመድአወል፣ ባሌ፣ «ገበያ ነው እኮ» ቢለኝ ያየሁትን አስተያየት እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል።

ከደረሰ ጋር ባጃጁ እስከሚደርስበት ሄደን፣ የቀረውን በእግራችን የታጨደ ሩዝ ማሳ እያቋረጥን ደረስን። ደረሰ ራቅ ብሎ ቀረ። ጎጆዋ በር ላይ ስደርስ ከውስጥ ድምፅ መጣ።

«ማነው? ዘሊካ ነሽ? እዚያው ሁኝ እቴ፣ በማርያም፣ አትቅረቢኝ።»

«ምን ሁነሽ ነው?»

«ከነገርኩሽ አትመለሽም።»

«ካልነገርሽኝም አልሄድም።»

ከዚያ አንድ ቋጠሮ በዱላ ጫፍ እየገፋች ወደ በሩ አወጣች። በእጇ አልሰጠችኝም፤ በዱላ። ፈትቼ አነበብኩ። የጤና ጣቢያው ማኅተም፣ የሷ ስም፣ የመድን ቁጥሯ፣ ከሥሩ «ለውስጥ ደዌ» ይላል።

«የውስጥ ደዌ ነው አሉኝ» አለች። «የዓለምብርሃን ዓይነት። የኔው ወደ ውስጥ የገባው ነው።»

እዚህ ላይ የማፍርበትን ነገር እጽፋለሁ። ማንበብ የምችል፣ ከተማ የኖርኩ፣ ባሌን በደም ግፊት ስድስት ዓመት ሐኪም ቤት ያመላለስኩ ሴት ነኝ። ያም ሆኖ ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ እያለ፣ ያ ቃል ዓይኔ ፊት እያለ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ። ቀሚሴንም ሰበሰብኩ።

«አየሽ» አለችኝ በዝግታ። አልተቀየመችኝም፤ ይሄ ነው የባሰው።

ከዚያ በኋላ ነው የመሐመድአወል ሐኪም በር ትዝ ያለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ፊቱ ተቀምጬ ተራ የጠበቅሁበት በር፤ በላዩ «የውስጥ ደዌ ክፍል» የሚል ጽሑፍ ያለበት። በራሴም በሷም ተናደድኩ። ስፈራ እናደዳለሁ፤ እንዲህ ነው የተፈጠርኩት።

«አንቺ ሞኝ፣ የውስጥ ደዌ የሐኪም ስም ነው እንጅ የበሽታ ስም አይደለም! ግፊት የሚያየው፣ ስኳር የሚያየው፣ ኩላሊት የሚያየው ሐኪም ነው። መሐመድአወልን የሚያየው የውስጥ ደዌ ነው!»

ከዚያ በድንጋጤ፣ «መሐመድአወልንም ይዞታል?» አለች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን መሬት ላይ ተንከባልዬ እስቅ ነበር። ዘልዬ ገባሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ወደ ግድግዳው ሸሸች። እጇን ያዝኩት፤ ልትነጥቀኝ ታገለች፤ አለቀቅሁም። ለማጽናናት ብዬ የምዋሽ መስሏት ፊቷን አዞረች።

«እኔ ሞት አልፈራም ዘሊካ» አለች። «ሃምሳ ዓመት በልቻለሁ። ብርክቲን ካስያዝኳትስ? ዓለምብርሃን ምግብ ሲያይ ሳይሆን ሰው ሲያይ ነበር ዓይኑ የሚርበው። እሷ እንዲያ ሁና ብታድግ እኔ መቃብሬ ውስጥ አርፋለሁ?»

እግሯን ፈታሁት። ከሚስማሩ ቁስል በላይ ቆዳው ተልጧል። ወንዛዬ ሄዳ ሰው ከሚታጠብበት አልገባችም፤ ሰው ላስይዝ ብላ ስለፈራች ማንም ወደማይቀርበው፣ ውኃው ከአለቱ ሥር እየፈላ ወደሚወጣበት ሄዳ እግሯን ከተተች። ሰው ጣቱን የማያስገባበት ውኃ ነው። እሷ ለብ ያለ መሰላት። ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች ከሰል መስለዋል። ትኩሳቷም እጄ ላይ ይታወቀኝ ነበር። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት ነገር እዚያ ጎጆ ውስጥ ገባኝ፤ የምትፈራው በሽታ አልነበረባትም፣ እሱን ስትሸሽ ግን እግሯ እየሞተ ነበር።

በማግስቱ ሐኪም ፍለጋ ወጣን። ሐኪም መፈለግ ሲባል ቀላል ይመስላል። የመሐመድአወል ሐኪም ለትምህርት ከሄደ ወራት ሆኖታል፤ በሩ አለ፣ ጽሑፉ አለ፣ ውስጡ ሰው የለም። አንድ የግል ክሊኒክ ቅዳሜ ቅዳሜ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ይመጣለታል ሲሉን እዚያ ሄድን። ካርድ የምታወጣው ልጅ የጸሐይነሽን ደብተር ከላስቲኩ ሳታወጣው መልሳ ሰጠችኝ።

«በመድን አንሠራም እናቴ።»

«ሐኪሙ ያው ሐኪም አይደለም?»

«ሐኪሙ ያው ነው፤ መድኑን ግን አንቀበልም። ምርመራውም፣ መድኃኒቱም፣ ቀዶ ጥገና ካለም በጥሬ ገንዘብ ነው።»

ደረሰ በሬውን እሸጣለሁ አለ። የመድን ቢሮው ሠራተኛ ደግሞ ሆስፒታል ብትሄዱ ይሻላል፣ ሪፈር ይዛችኋል አለን። ሆስፒታል ሄድን፤ ወረቀቱ የኅዳር ነው፣ ጊዜው አልፏል፣ ከጤና ጣቢያ አዲስ አጽፉ አሉን። እኔ እዚያ ምን እንደተናገርኩ ባልጽፈው ይሻላል። ዘበኛው እስካሁን ጫማ ሊገዛ ሲመጣ ዋጋ አይከራከረኝም።

ጸሐይነሽ በዚህ ሁሉ መሐል ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣ፣ ሹፌሩን እንዳትነካው ጥግ ይዛለች። አንድ ጊዜ «ተዉኝ እቴ፤ ለሰው ሁሉ ሥራ ሆንኩ» አለች። ከንፈሯ ደርቋል። ብዙ ውኃ ትጠጣለች። ጉንጯ ላይ እጄን ሳደርግ አቃጠለኝ። እግር ነው ብዬ የጀመርኩት ነገር ነፍስ መሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ።

ጤና ጣቢያ ያው ልጅ ተቀምጧል። አላስታወሳትም። ጨርቁን ፈትቶ ሲያይ ግን ብድግ አለ።

«እማማ፣ ይህን ያህል ጊዜ የት ነበሩ?»

«ደዌ ነው ብለኸኝ የለም ልጄ?» አለችው። «ተለይቸ ተቀምጨ ነበር። ሰው አላስነካሁም።»

ልጁ እኔን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ የራሱን የእጅ ጽሑፍ አየ። ፊቱ ተለዋወጠ። ሃያ አምስት ዓመት ቢሞላው ነው፤ ልሰድበው የሰነቅሁትን ሁሉ አስቀረሁት። ያን ሰሞን መለኪያው መጥቶ ነበርና ጣቷን ወግቶ ደሟን አስነካው። መሣሪያው ቁጥር አላወጣም፤ ከሚቆጥረው በላይ ነው የሚል ፊደል ብቻ አሳየ። ልጁ በሽተኞቹን አስቁሞ ስልኩን አወጣ። አንዱን ደወለ፣ አልሠራም። ሌላውን ደወለ፣ የሚያውቀው ሐኪም የለም። አራተኛው ላይ አብራው የተማረች ነርስ አነሳችለት፤ ደብረ ታቦር ናት።

«የውስጥ ደዌ ሐኪም አለች?... መድን ትቀበላላችሁ?... ዛሬ ብትመጣ?» እያለ ዓይኑ ጸሐይነሽ ላይ ነው። ስልኩን ዘግቶ አዲሱን ሪፈር ጻፈ፤ በአምቡላንስ እንድትሄድ ማኅተም አደረገበት። «መንገዱ ትናንት ተዘግቶ ነበር፤ ዛሬ ተከፍቷል ይላሉ። ቶሎ ውጡ» አለን። ሲሸኘን ጎንበስ ብሎ «ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፤ ደዌ ማለት በሽታ ማለት ብቻ ነው» አላት። ጸሐይነሽ ለሱ አዝና «ምንም አይደል፣ ልጄ፤ እጅህን ግን ታጠብ» አለችው።

ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደውን ዳገት ስንወጣ ደረሰ ከፊት፣ እኔ ከኋላ እሷን ይዤ ተቀመጥን። ፍተሻ ላይ በቆምን ቁጥር ልቤ ይቆማል። ጸሐይነሽ መቃዠት ጀመረች፤ ዓለምብርሃን ምሳውን አልበላም ትላለች። እኔ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ አደረግሁ፤ ደረሰ ለማያውቀው ታቦት ሁሉ ተሳለ። አላህ ሆይ፣ ያን አንድ እርምጃ አትቁጠርብኝ እያልኩ ነው የደረስኩት።

ሐኪሟ ጽጌሬዳ ትባላለች። አጭር፣ ፈጣን፣ ብዙ የማታወራ ሴት ናት። ደብተሩን አንድ ልጅ ተቀብሎ ሄዶ ማኅተም አስደርጎ መለሰው፤ ለዓመታት ሣጥን ውስጥ የኖረው ደብተር ያን ቀን በሁለት ደቂቃ ሥራውን ጨረሰ። ሐኪሟ ጓንት ስታጠልቅ ጸሐይነሽ አየቻትና «አየሽ» አለችኝ ደግማ። በደም ሥሯ ፈሳሽና መድኃኒት ተሰክቶላት፣ ትኩሳቷ ጋብ ሲል፣ ነፍሷ መለስ ሲል፣ ሐኪሟ ተመልሳ መጣች። ጓንቷን አወለቀች። በባዶ እጇ ቁርጭምጭሚቷን ይዛ የደም ሥሯን ትፈልግ ጀመር።

ጸሐይነሽ እግሯን ሰበሰበች። «አይንኩኝ ልጄ። እርስዎም ልጆች ይኖሩዎታል።»

«እማማ፣ ይሄ ስኳር ነው» አለቻት። «ስኳሩ የእግርዎን ስሜት አጥፍቶታል። አይተላለፍም። በእጅ አይተላለፍም፣ በትንፋሽ አይተላለፍም፣ በሳህንም አይተላለፍም።»

«ልጅ ባቅፍስ?»

«ቢያቅፉም።»

ጸሐይነሽ ያን ጊዜ አለቀሰች። ሚስማር ሲነቀልላት ያላለቀሰች፣ ፍል ውኃ ሲልጣት ያላለቀሰች ሴት፣ ትራሱን ነክሳ አለቀሰች። ሐኪሟ ቀጥላ ሦስት ጣቶች እንደሚቆረጡ፣ በኅዳር መጥታ ቢሆን በኪኒንና በማጠብ ብቻ ይድን እንደነበር ስትናገር ደረሰ ግድግዳውን ተደገፈ። ጸሐይነሽ ግን ሰምታ እንኳ የሰማች አልመሰለችም። «ቁረጡት፤ ብርክቲን አምጡልኝ ብቻ» አለች።

ቆረጡት። ሦስት ጣት ከነሥሩ ሄደ፣ ተረከዟ ተረፈ፣ ነፍሷም ተረፈች። በስምንተኛው ቀን ትሁን ልጇን ይዛ ከሜዳው መጣች። ጸሐይነሽ ጠዋት ተነስታ ፀጉሯን አበጥራ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ በትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። እግሯን ልጅቱ እንዳታየው እኔ በብርድ ልብስ ሸፈንኩት። በሩ ሲከፈት ሁለት እጆቿን ዘረጋች።

ብርክቲ በሩ ላይ ቆመች። እናቷ «ሂጅ፣ እማማ ናት እኮ» ብላ ከኋላ ገፋ አደረገቻት። አንድ እርምጃ ገባች። ከዚያ ቆም ብላ፣ አያቷን በትልልቅ ዓይኖቿ እያየች፣ እጆቿን ወደ ጀርባዋ አድርጋ፣

«አልቀርብም እማማ። ጨዋ ሁኛለሁ» አለቻት።